የቀዘቀዘው ቀኝ እጄ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሥራ የለም። ጠዋት ሦስት ፀጉር፣ ከሰዓት አንድ ጢም፣ በቃ። ብርድ ሲገባ ሰው ፀጉሩን ይሳሳለታል። መስታወቱን ወለወልኩ፣ ቶንዶሱን ዘይት ቀባሁ። ሎጋው ስልኩን ሲጎረጉር ዋለ። ስሙን ደንበኛ ነው ያወጣለት፣ ቁመቱን አይቶ። እኔማ "ሁለተኛው ወንበር" ነበር የምለው። አራት ዓመት አብረን ሠራን። የኔ ወንበር መስኮቱ አጠገብ ነው፣ ብርሃን አለው። የእሱ ጥጉ ጋ ነው። ዓይኑ እኔ ወንበር ላይ ነው። አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ አውቃለሁ።

ማታ ባለቤቴ መድኃኒቴን ከፋርማሲ አመጣች። ከፈትኩት… ሰማያዊ። ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ሮዝ ነው! ምንድነው ይሄ አልኳት። ፋብሪካው ነው እንጂ የተቀየረው መድኃኒቱ ያው ነው ብላታለች ፋርማሲስቷ። ያው ከሆነ ቀለሙን ምን አስቀየረው? እኔስ የሰው ፀጉር ቀለም አይደል የምቀባው? ጥቁሩም ቀዩም ያው ነው ብዬ ብለቀልቅ ዝም ይሉኛል?

ዋጥኩት። ግን ነገሩ አልጣመኝም።

ኅዳር 4

ጣቴን ቆረጥኩ። በገዛ ምላጬ። ቁስሏ ትንሽ ናት፣ የጥፍር ጫፍ አታክልም። ደሙ ግን እንቢ አለ። ርዕሰ መምህሩን ነበር የምላጨው። ነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ… ጠብ… ከዚያ ኮሌታው ላይ። በጥጥ ያዝኩት፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ እየሰረሰረ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት! ሎጋው መጣና አይዞህ ጋሼ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አለ። ቸኮለ። ምን አስቸኮለው?

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። አይመለስም። ደሙ የማይቆም ፀጉር አስተካካይ… ሰው ምን ይላል? በሽታ አለበት ነው የሚለው። ሰው ደግሞ በሽታ ሲገምት መጥፎውን ነው የሚገምተው። ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም በአንድ ጣት ደም ሊሄድ ነው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጩ ያ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ነው። አምና የልብህ ምት ተዛብቷል አሉኝ። እንዲህ ሲሆን ደም ልብ ውስጥ ይረጋል፣ የረጋው ይነሳና እጅ ወይ እግር ወይ ጭንቅላት ሄዶ ይወተፋል፣ ስለዚህ በየቀኑ አንድ ኪኒን፣ በየወሩ አንድ የደም ምርመራ። እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ የረጋ ነገር አላየሁም። ያየሁት የማይቆም ደም ነው።

ኅዳር 5

ወሰንኩ። አልውጥም። ለባለቤቴ ብነግራት ቤቱ ይታመሳል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ይዛ ፊቴ ትገተራለች፣ ሳልውጥ ንቅንቅ አትልም። ከምላሴ ሥር ደበቅኳት፣ ውሃዬን ጠጣሁ፣ አፌን ጠረግሁ። ፀጉር ቤት ስደርስ ጥግ የተጠረገው ፀጉር ላይ ተፋኋት። ያየኝ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔን አይመነጥሩኝም።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ተሽሎኛል። ዛሬ ምላጭ ስቀይር ጣቴን ጫር አደረገኝ፣ ወዲያው ቆመ። አየህ አይደል? አልኩ ለራሴ። ልቤ አልፎ አልፎ ትገለባበጣለች፣ ያ ደግሞ የድሮ አመሏ ነው።

የደም ምርመራው ቀን አለፈ። አልሄድኩም። ሥራ በዛ አልኳት። ሥራ እንኳ አልበዛም።

ኅዳር 14

ሎጋው በስልክ ያወራል። ስገባ "እሺ፣ በኋላ" ብሎ ዘጋው። ማነው አልኩት። ማንም አለኝ። ማንም ደግሞ ስልክ ይደውላል?

ኅዳር 15

ባለቤቴ፣ ሎጋው እንዴት ነው አለችኝ። በአራት ዓመት አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ኅዳር 20

ነገር አለ። አሁን እርግጠኛ ነኝ።

ምላጭ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ባለቤቴ ፀጉር ቤት ውስጥ ቆማለች። ከሎጋው ጋር። ራስ ለራስ ገጥመው። መስታወቱ ላይ ሲያዩኝ ወሬያቸውን ቆረጡ። በዚህ ሳልፍ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው አለች። የት ለመሄድ ነው በዚህ የምታልፈው? ገበያው በላይ በኩል ነው፣ እህቷ በታች በኩል። ዘንቢል እንኳ አልያዘችም። የእጅ ቦርሳዋን ብቻ፣ እሱንም አቅፋዋለች።

ያንን ነገር አልጠረጥርም። ልጇ ይሆናል እኮ። ቆይ… ለምን አልጠረጥርም? ኧረ አይደለም። ሰባት ጊዜ አሰብኩት፣ አይደለም። ይሄ የወንበር ነገር ነው። አርጅቷል፣ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፣ ደንበኛ ላይ ደም አፍስሷል፣ ቤት ይቀመጥ። ያ ነው የሚመክሩት። እሷ ድሮም አርፈህ ብትቀመጥ ትለኛለች። እሱ ደግሞ መስኮቱን ይፈልጋል። ተገጣጠሙ።

ሌላም አለ። ሎጋው መጥረጊያ መያዝ ሞቱ ነበር። ሰሞኑን ከእጄ ነው የሚነጥቀኝ። ተወው ጋሼ፣ እኔ እጠርጋለሁ ይላል። ሰው በአንድ ሳምንት እንዲህ ትሑት አይሆንም።

ኅዳር 22

ጠዋት ውሃውን ስትሰጠኝ ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። "ዋጥክ?" አለች። ዋጥኩ አልኩ። ምላሴ ሥር ሆና መረረችኝ።

ኅዳር 27

ባለቤቴ፣ ታኅሣሥ ሦስት ረቡዕ ሥራ አትያዝ አለችኝ። ለምን? አንድ ቦታ አብረን እንሄዳለን። የት? ስንደርስ ታያለህ።

ስደርስማ አያለሁ። ወረቀት ሊያስፈርሙኝ ነው። ፀጉር ቤቱን ለሎጋው ፈርመህ አስረክብ፣ አንተ ጡረታ ውጣ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እዚሁ ደብተሬ ላይ ቃሌን ልስጥ፦ የማንንም ወረቀት አልፈርምም። ማንም ያምጣው ማን።

ታኅሣሥ 4

በግራ እጄ ነው። አለሁ።

ታኅሣሥ 5

ቀኙም አለ። ይሞቃል። እሳት የገባበት ያህል ይለበልበኛል። ይለብልበኝ።

ታኅሣሥ 6

ደብተሬን ከመሳቢያ አምጪልኝ አልኳት ባለቤቴን። ትናንት ወዲያ አመጣችው። አንብባው ይሆን? ፊቷን አጠናሁ። እንጃ።

የሆነውን ልጻፈው። በግራ እጅ ነው፣ እንደ ዶሮ ጭረት ሆኗል። አልጋ ላይ ምን ሌላ ሥራ አለኝ?

ሰኞ ዕለት ነው፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ። ወንበሬ ላይ ድሬሰሩ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል በነርስነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ በድሮ ማዕረጉ ነው የምንጠራው። ግራ ጉንጩን ጨርሼ ወደ ቀኙ ዞርኩ። ድንገት ቀኝ ክንዴን… በዱላ የመቱኝ ያህል። እውነት ለመናገር ሎጋው መታኝ ብዬ ዞሬ አየሁ። እሱ በራሱ ወንበር ላይ የሰው ራስ ይዞ ይሠራል።

ምላጩ ከእጄ ወደቀ። ጣቶቼን አየሁ፣ ነጭ። ወረቀት። ብርዱ ነው አልኩ። ፎጣ የምንነክርበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ልከታቸው ስል ድሬሰሩ ክንዴን ለቀም አደረገኝ። ለካ ስዞር አንገቱን ነክቼው ኖሯል፣ ቅዝቃዜው አስደንግጦታል። አንጓዬ ላይ ሁለት ጣቱን አሳረፈ። ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። ግራውን ያዘ። እንደገና ቀኙን። ፊቱ ተለወጠ።

"ትርታ የለውም" አለ። "ግራህ ይመታል፣ ቀኝህ ዝም ብሏል። ደም አቁሟል። ተነስ፣ ሆስፒታል።"

ሎጋው ሮጦ መጥቶ ሊያሸኝ ጀመረ። ድሬሰሩ ቆጣው። አይታሽም፣ ሙቅ ውሃም አይነካውም፣ የደነዘዘ እጅ ቢቃጠልም አያውቅ አለው። ከዚያ ሰዓት ጠየቀ። አራት ከአምስት። ይቺን ሰዓት አትርሱ፣ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሷን ነው አለ።

እኔ ምን አሰብኩ? ይሄ ሰውዬ ምን አስቸኮለው አልኩ! የድሮ መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲያመጣላቸው የሚሰጡት ነገር ይኖር ይሆን? እጄ እየሞተ እኔ ይሄን እጠረጥራለሁ።

ታክሲ ውስጥ ድሬሰሩ ግማሽ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ፣ አንገቱ ላይ ነጩ ጨርቄ እንደታሰረ። ሹፌሩ በመስታወት አየውና የታመመው የትኛችሁ ነው አለ። ያ ሕመም ባይይዘኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

ግራ እጄ ደከመ። ነገ።

ታኅሣሥ 7

ሐኪሟ ወጣት ናት። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነኝ አለች። "አባባ፣ ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ።" አባባ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አንቀሳቀስኳቸው። ሦስቱ እሺ አሉ፣ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ቀልድ መሰላቸው። በመርፌ ነካች፣ እዚህ ይሰማዎታል? እዚህስ? አይሰማኝም።

ትንሽ የምትጮህ ማሽን አመጣች። ግራ ክንዴ ላይ ስታሳርፋት ሽው፣ ሽው፣ ሽው አለች። የራሴን ደም ሰማሁ። ቀኙ ላይ ስታሳርፋት… ምንም። ማሽንሽ ተበላሽቷል አልኳት። ድሬሰሩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላት። እሱ ላይ ጮኸች። እንደገና እኔ ላይ። ዝም።

ቶሎ ብለው በደም ሥሬ መድኃኒት ጀመሩልኝ፣ የረጋው እንዳይጨምር ነው ብለው። ይኼኔ ባለቤቴ ደረሰች። ሎጋው ነው የደወለላት። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ እሱም ከኋላዋ መጣ። በር ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። አየኋቸው። እዚህም አብረው!

ሐኪሟ፣ ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት በትክክል እየወሰዱ ነው ወይ አለችኝ። አንድ ቀን አልዘለልኩም አልኩ። ፊቴ ሳይቀላ። ባለቤቴ አቀረቀረች። ሐኪሟ ጻፈችና ወጣች።

ስትመለስ የምርመራ ወረቀት ይዛለች። "ደምዎ ግን እንደዚያ አይልም" አለችኝ። ምርመራው ተሳስቷል አልኩ። የሌላ ሰው ደም ይሆናል አልኩ። ምንም አልተከራከረችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ክርኔ መታጠፊያ ላይ ማደንዘዣ ትወጋለች፣ ትንሽ ትቀድዳለች፣ የደም ሥሩን ትከፍትና ቀጭን ቱቦ ትሰዳለች። ቱቦው ጫፉ ላይ ፊኛ አለው። የረጋውን ደም ካለፈ በኋላ ፊኛው ይነፋል፣ ወደ ኋላ ሲጎተት የረጋውን ይዞት ይወጣል። ፊኛ! በክንዴ ውስጥ! ልጅ እያታለሉ መርፌ የሚወጉ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ይፈርሙ።

አነበብኩ። እያንዳንዷን ቃል። ሰባተኛው መስመር ላይ ስደርስ ክው አልኩ። እጁን ማትረፍ ካልተቻለ ሊቆረጥ እንደሚችል ተረድቻለሁ፣ ይላል። ይኸውልህ! አልፈርምም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምበላበት፣ የምሠራበት እጅ ነው። መቀስ የያዝኩበት ነው። አንቺ ትቆርጪና እኔ ምን ይዤ እገባለሁ?

ለመነችኝ። ድሬሰሩ ለመነኝ። ሎጋው ጋሼ ብሎ ሲጀምር አንተ ዝም በል አልኩት። አምስት ሰዓት ነበር። ስድስት ሆነ። ሰባት ሆነ። ሕመሙ ቀነሰልኝ። ደስ አለኝ፣ እየተሻለኝ ነው አልኳት። እሷ ግን ይባስ ተጨነቀች። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ እየተዳከመ ስለሆነ ነው አለች። "አባባ፣ እጅ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ነው የሚታገሰን። ከአራት ጀምሮ እየቆጠርን ነው። እርስዎ ሳይፈርሙ በቆዩ ቁጥር የፈሩት ሰባተኛው መስመር ነው የሚቀርበው።"

እሷንም ጠረጠርኳት። እንደዚያ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

ዛሬ የምጽፈው ከባዱ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ ወደ አልጋው መጣች። ሰው ሁሉ ቆሟል። ሐኪሟ፣ ድሬሰሩ አረፋው ፊቱ ላይ ደርቆ፣ ሎጋው። የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች፣ የምላጭ ባዶ ፓኬት አወጣች፣ አንሶላው ላይ ገለበጠችው። ሰማያዊ ኪኒኖች። ፀጉር የተጣበቀባቸው።

"ካቆመ ሃያ ስድስት ቀን ሆነው" አለች ለሐኪሟ። ወደኔ አላየችም።

ሎጋው ነው ያገኛቸው። ሲጠርግ። መጀመሪያ አንዷን፣ ከዚያ በየቀኑ። እየለቀመ ለእሷ ሰጣት። ለዚህ ነው መጥረጊያ የሚነጥቀኝ፣ ለዚህ ነው ስልኩ፣ ለዚህ ነው "በዚህ ሳልፍ" ያለችው። ረቡዕ ልትወስደኝ የነበረው የልብ ሐኪሙ ጋ ነው፣ ቀጠሮ አስይዛልኝ።

ስለዚህ ተማክረውብኛል። ያልኩት እውነት ነበር። የምን ምክር እንደሆነ ነው የሳትኩት።

በሰው ፊት አዋረደችኝ። ደሜ ፈላ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ጮህኩ።

"ብንነግርህ ተማክራችሁብኛል ትላለህ ብለን ፈራን" አለች። "መፍራታችን ጥፋት ነው። እሱን እኔ እሸከመዋለሁ። አሁን ፈርም። ከዚህ በኋላ ልትጠላኝ ትችላለህ፣ ጥላኝ። ግን በሁለት እጅህ ሆነህ ጥላኝ።"

 እስክሪብቶውን አንሶላው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን እንደዚያ ስታዘኝ ሰምቻት አላውቅም። ሎጋው ግድግዳውን ያያል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አለ ድሬሰሩ ቀስ ብሎ። ቢተወው ደስ ይለኝ ነበር።

አውራ ጣቴን ላንቀሳቅስ ሞከርኩ። ሁሉም አዩኝ። አልተንቀሳቀሰም። የሞተ ሰው ጣት። ይኼኔ ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ ተናድጄ ነበር እንጂ ፈርቼ አልነበረም።

በግራ እጄ ፈረምኩ። መቼ አቆሙ አለችኝ ሐኪሟ። ኅዳር አምስት አልኩ። ጻፈች። አልተቆጣችኝም።

ቀዶ ጥገናው ላይ ነቅቼ ነበር። ክንዴ ብቻ ነው የደነዘዘው። በመካከል ጨርቅ ጋርደዋል፣ ሲጎትቱ ይሰማኛል፣ አያመኝም። ሐኪሟ ከረዳቷ ጋር በሹክሹክታ ስታወራ ጆሮዬን አቀናሁ። ምንድነው የምታወሩት አልኩ። ጮክ ብላ አወራች ከዚያ በኋላ፣ የምትሠራውን ሁሉ እየነገረችኝ። አሁን ቱቦው ገባ። አሁን አለፈ። አሁን ነፋነው። አሁን እየሳብኩ ነው… "ወጣ!" አለች። አሳዪኝ አልኩ። በሳህን አሳየችኝ። ጠቆር ያለ ቀይ፣ የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ የምታክል። ይቺ ናት? በዚች ነው?

ከዚያ ጣቶቼ ውስጥ ሙቀት ገባ። ቀጥሎ እሳቱ። አለቀስኩ። ሕመሙ ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

ታኅሣሥ 10

አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እንደደነዘዙ ናቸው። ሐኪሟን ጠየቅኳት፣ ቀደም ብዬ ብፈርም ኖሮ?  "ምናልባት ይሄ ባልሆነ ነበር" አለች። "ሁለት ሰዓት ተኩል ብዙ ነው።" ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስ ይችላል፣ በወር በሁለት ወር ይታወቃል።

አይ፣ ለውጥ የለውም ብትለኝ ምን ነበረበት? አልዋሸችኝም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

ታኅሣሥ 13

ቤት ገባሁ። ጠዋት ባለቤቴ ኪኒኗንና ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እንደ ድሮው አልተገተረችም። ሰማያዊ ናት፣ ያችው። ዋጥኳት። ከዚያ ዞሬ ፊት ለፊቷ አፌን ከፍቼ ምላሴን አነሳሁ። "ምን ሆነህ ነው?" አለች። ምንም አልኩ። ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች።

ታኅሣሥ 21

የላስቲክ ኳስ ጨምቅ ብለውኛል። ሁለት መቶ ጊዜ በቀን። ባለቤቴ ትቆጥራለች፣ አንዳንዴ ዘልላ ትቆጥራለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሎጋው መጣ። ደንበኛ ሁሉ ይጠይቅሃል ጋሼ አለ። ወንበሬ ላይ ነው አይደል የምትሠራው አልኩት። አይ፣ ፎጣ ጥዬበታለሁ አለ። ኧረ ተው! ሦስት ሳምንት መስኮቱ ባዶ ይዋል? ማን ሞኝ አለ?

ታኅሣሥ 22

ሳልነግራት ወጣሁ። ከፀጉር ቤቱ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ጎን ቆሜ አየሁ። አግዳሚው ሞልቷል፣ አንድ ሰው ደጅ ቆሟል። ሎጋው ጥጉ ጋ፣ በዚያ ጨለማ፣ አጎንብሶ አምፖል አብርቶ ይሠራል። መስኮቱ ጋ የኔ ወንበር። ነጭ ፎጣ ተጥሎበታል። አንድ ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል ሎጋው በማበጠሪያው ወደ አግዳሚው ጠቆመው።

አልገባሁም። ምን ብዬ እገባለሁ? ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ።

ጥር 7

ምላጭ የሚማር ሰው መጀመሪያ ፊኛ ላይ ነው የሚለማመደው። ፊኛው ላይ አረፋ ይቀባል፣ ሳያፈነዳ ይላጨዋል። ዛሬ ማጀት ገብቼ በር ዘግቼ ሞከርኩ። አንዱ ፈነዳ። ሁለተኛው ፈነዳ። ሦስተኛውን ቀስ ብዬ… እሱም። ባለቤቴ በሩን አንኳኳች፣ ምን እየተኮስክ ነው አለች።

አውራ ጣቴ ምላጩን ይይዘዋል፣ ግን አይሰማውም። ምን ያህል እንደተጫነ አያውቅም። ቶንዶስ እይዛለሁ። መቀስ እየለመድኩ ነው። ምላጭ ግን… አይሆንም። ይኸው ጻፍኩት። አይሆንም።

አልቅሻለሁ። ይሄኛው የሕመም አይደለም።

ጥር 14

ዛሬ ፀጉር ቤት ገባሁ። ስድስት ሳምንት ያልተነካ ጢም ይዤ፣ ራሴን በመስታወት ሳየው ሌላ ሰውዬ። አግዳሚው ላይ አራት ሰው አለ። ሎጋው ደንግጦ ማበጠሪያውን ጣለ። ፎጣውን ከወንበሬ ላይ አነሳሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጢም እዚህ ነው የሚላጨው፣ በብርሃን፣ የምትላጨውም አንተ ነህ አልኩት። እኔ ጥጉ ጋ ፀጉር በቶንዶስ እሠራለሁ። ጋሼ… አለ።  በል አሁን የመጀመሪያው ደንበኛህ እኔ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

አረፋ ቀባኝ። ምላጩን ከፈተ። እጁ ሲያመነታ በመስታወቱ አየሁት። ምን እንደፈራ አውቃለሁ፣ በሰው ፊት ሊያነሳው አይፈልግም። ስለዚህ እኔ አነሳሁት፣ አግዳሚው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ።

"ቀስ እያልክ" አልኩ። "ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ። ከቆረጥከኝ ቶሎ አይቆምም።"

 ማን ይነሳል ብዬ በመስታወቱ አግዳሚውን አየሁ። የተነሳ የለም። ዳር ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። "እኔም እወስዳለሁ" አለ፣ "አንተ ጋ ስላጭ ሁልጊዜ እፈራ ነበር። ልነግርህ አፍሬ ነው።"

ሠላሳ ዓመት የሰው አንገት ይዤ ኖርኩ። የራሴን ለሰው ምላጭ ሰጥቼ አላውቅም። ሎጋው አገጬን በሁለት ጣቱ ቀና አደረገው። ጣቶቹ ይሞቃሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ።